ከኢፍጣር የተረፈ ሳምቡሳ ለሱሑር

በረመዳን ሳምቡሳ መትረፉ አይቀርም። ለሱሑር በማይክሮዌቭ ሲሞቅ ግን ሊጡ ይልፈሰፈስና ብዙ ጊዜ መጨረሻው መጣል ይሆናል። ትንሹ የኤሌክትሪክ ኦቨን ይህን ብክነት ያስቀራል።

ልዩነቱ ከአሞቃቃቸው ይመጣል። ማይክሮዌቭ በምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ ያሞቃል፤ እንፋሎቱም ወደ ውጭ ሲወጣ ሊጡን ያረጥበዋል። ኦቨን ግን ከላይና ከታች ደረቅ ሙቀት ስለሚሰጥ የላዩን እርጥበት ያተነዋል። ሊጡም እንደገና ኩርሽም ይላል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ኦቨኑን በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ5 ደቂቃ ያህል አስቀድመው ያግሉት። ሳምቡሳውን ሳይደራርቡ ይደርድሩት። ከ10 ደቂቃ በኋላ አንዱን ቆርሰው መሃሉን ይዩ፤ በተለይ የሥጋው በደንብ ሊተን ይገባል። ላዩ ቀልቶ መሃሉ ካልሞቀ፣ ሙቀቱን ወደ 150 ቀንሰው ጥቂት ደቂቃ ይጨምሩለት።

ማሞቅ ግን የተበላሸን ምግብ አያድንም። ውጭ በቆየ ምግብ ላይ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚተዉት መርዝ በሙቀት አይጠፋም። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ መቆየት የለበትም። ስለዚህ የተረፈውን ከተራዊሕ ስንመለስ ሳይሆን ወደ ተራዊሕ ከመውጣታችን በፊት ፍሪጅ እናስገባው። የሞቀውንም ደግመን አናሙቅ።

ኦቨኑ ብዙ ኃይል ስለሚስብ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ይሰኩት። ከሥሩ የሚጠራቀመውን ፍርፋሪና ዘይትም ያጽዱ፤ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ምግብ መጣል ኢስራፍ ነው። የተበላሸ መብላት ግን ቁጠባ አይደለም።