ወኔ አነሳቸው ወይስ ስልቱ አልሠራም?

በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የወንዶች 10,000 ሜትር ፍጻሜ ኢትዮጵያውያኑ ሰለሞን ባረጋ፣ ዮሚፍ ቀጄልቻና በሪሁ አረጋዊ እየተፈራረቁ ከፊት ወጥተው ሩጫውን አከረሩት። ወርቁን ግን ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 ወሰደው። በሪሁ መጨረሻ ላይ ተስፈንጥሮ ብር አገኘ፤ አሜሪካዊውን ግራንት ፊሸርን የቀደመው በሁለት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። ዮሚፍ ስድስተኛ፣ ሰለሞን ሰባተኛ ወጡ።

እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ደጋፊ ሁለት ነገር ይላል፤ «ለሰው ሮጡ» እና «ወኔ የላቸውም»። አብረው ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚወቅሰው ስልቱን ነው፤ ሁለተኛው የሯጩን ልብ ይነካል።

ሻምፒዮና ላይ እንደ ከተማ ማራቶን ተቀጥሮ የሚያሯሩጥ ሰው የለም። ፍጥነቱን የሚፈልግ ቡድን ራሱ ይከፍላል። ከፊት የሚሮጠው ነፋሱን በደረቱ ይገፋል፣ የዙሩን ሰዓት ያስባል፣ ከኋላው ያለውን አያይም። የሚከተለው ተከልሎ ጉልበቱን ይቆጥባል። በዚያ ምሽት ቀነኒሳ በቀለ በ2008 ቤጂንግ ላይ ያስመዘገበውን 27:01.17 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን 13 ሯጮች አሻሻሉት። ያን ሁሉ ሰው ይዞ የሄደው በአብዛኛው የሦስቱ ልጆች ድካም ነው። እነሱን ወኔ ቢስ ማለት ግፍ ነው።

«ለሰው ሮጡ» የሚለው ግን ሊደመጥ ይገባል። ከፓሪስ በፊት በቶኪዮ ኦሊምፒክ በዚሁ ርቀት ኡጋንዳዊው ስቴፈን ኪሳ ብቻውን ሮጦ ወጣ፤ የተከተለው አልነበረም፣ በኋላም አቋርጦ ወጣ። ሩጫው ዘገየ፣ ሰለሞንም በአጨራረሱ በ27:43.22 ወርቅ አገኘ። ዝግ ያለ ሩጫ ለእኛ እንደሚሆን በዓይናችን አይተናል።

ጥረትን ከውጭ ሆኖ መመዘን ለዳኛም ከባድ ነው። በ2012 ለንደን አልጄሪያዊው ታውፊቅ መክሉፊ 800 ሜትር ማጣሪያ ላይ አቋርጦ ሲወጣ፣ ከልቡ አልሮጠም ተብሎ ከቀሪው ውድድር ሁሉ ታገደ፤ የሕክምና ማስረጃ ቀርቦ እገዳው ተነሳለት፣ በማግስቱም የ1,500 ሜትር ወርቅ አጠለቀ። ሰው ዛሬም ይከራከርበታል።

የእኛም መለኪያ ወጥ አይደለም። በ2004 አቴንስ በዚሁ ርቀት ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ወደኋላ ዞር እያሉ፣ ፍጥነት እየቀነሱ ሕመም ላይ የነበረውን ኃይሌ ገብረሥላሴን ጠበቁት። በጥብቅ ሚዛን ከሆነ ይህ ያለውን ሁሉ አለመስጠት ነው። ማንም ግን አልወቀሳቸውም፤ እንዲያውም ከወርቁና ከብሩ እኩል የምንኮራበት ነገር ነው። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ። እኔ በበኩሌ ያን መጠበቅ ከስፖርቱ ትልልቅ ሥራዎች አንዱ አድርጌ አየዋለሁ።

ስለዚህ የፓሪሱ ጥያቄ የሚቀርበው ለሯጮቹ ሳይሆን ዕቅዱን ላወጡት ነው፤ የሰለሞንን አጨራረስ እያወቁ ሦስቱም ለምን ከፊት ሠሩ? አንዱ ለመጨረሻው ዙር ለምን አልተቆጠበም?