በበረዶ ተራሮች መካከል በቆዳ ታንኳ

ከዓለም ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ግሪንላንድ ናት። ስፋቷ ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሲበልጥ፣ የሕዝቧ ቁጥር ግን ከ56,000 እምብዛም አይርቅም። ስሟ «አረንጓዴ አገር» ማለት ነው፤ ነገር ግን ከመሬቷ ከአምስት እጅ አራቱ እጅ ክረምት ከበጋ በበረዶ ተሸፍኖ ይኖራል። የበረዶውም ውፍረት በአንዳንድ ስፍራ ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። አንባቢዎች ሆይ፣ ዛሬ የምናወጋችሁ በዚያች አገር ጠረፍ፣ በተንሳፋፊ የበረዶ ተራሮች መካከል፣ አንድ ሰው ብቻውን በጠባብ ታንኳ ተቀምጦ ስለሚቀዝፍበት ጥበብ ነው።

ተራራው ከወዴት ይመጣል?

በረዶው እንደ ድንጋይ በስፍራው ረግቶ የሚኖር ይመስላችሁ ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። በየዓመቱ የሚወርደው አዲስ በረዶ የታችኛውን እየተጫነው፣ ከራሱ ክብደት የተነሣ በየሸለቆው እንደ ወፍራም ማር ወደ ባሕር ይፈስሳል። ከእነዚህ የበረዶ ወንዞች አንዱ፣ ኢሉሊሳት በምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው ሴርሜክ ኩያሌክ፣ በአንድ ቀን እስከ 40 ሜትር ድረስ ሲጓዝ ተለክቷል። ኢሉሊሳት ማለትም በአገሬው ቋንቋ «የበረዶ ተራሮች» ማለት ነው። ወንዙ ከባሕር ሲደርስ ጫፉ እንደ ነጐድጓድ እየጮኸ ይናዳል፤ የተናደውም ክምር ተራራ ሆኖ ይንሳፈፋል።

በረዶ ከጨው ውሃ የሚቀለው በጥቂቱ ብቻ ስለ ሆነ፣ ከተራራው አካል ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ብቻ ከባሕር በላይ ይታያል፤ የቀረው በጥልቁ ውስጥ የተሰወረ ነው። አደጋውም ያለው በዚህ ነው። ከታች እየሟሟ ሲሄድ ሚዛኑ ይዛባና፣ ለብዙ ቀን ጸጥ ብሎ የቆየው ተራራ ባልታሰበ ሰዓት ይገለበጣል። በዚያን ጊዜ የሚነሣው ማዕበል ታንኳ አይምርም። በኢሉሊሳት አቅራቢያ ባለው የባሕር ዳር እንኳ፣ ድንገተኛ ማዕበል ሰው ሊወስድ ስለሚችል ማንም በዳርቻው እንዳይሄድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ ተተክሏል። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1912 ዓ.ም. ከ1,500 የሚበልጡ ሰዎችን ይዞ የሰጠመው ታይታኒክ የገጨው በረዶም ከዚሁ ከምዕራብ ግሪንላንድ ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። (ከዚህ በታች የተጻፉትም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በባለቤቱ ልክ የተሰፋ

ታዲያ ትልቁን መርከብ ያሰጠመውን በረዶ፣ ኢኑይት የተባሉት የአገሩ ሰዎች በምን ደፈሩት? በካያክ ነው። በግሪንላንድ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም፤ ስለዚህ አዳኙ ባሕር ገፍቶ ያመጣለትን እንጨት ለቅሞ አጥንቱን ይሠራል። በላዩም አቆስጣ የተባለው የባሕር እንስሳ ቆዳ ይለበጥበታል። ቆዳውን የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። መርፌያቸው ቆዳውን ዘልቆ ካለፈ ውሃ ስለሚያስገባ፣ ከውፍረቱ እኩሌታ ብቻ እየያዙ በጅማት ይሰፉት ነበር። የባሏን ሕይወት የምትጠብቀው ሚስቲቱ በመርፌዋ ነበረች ማለት ይቻላል።

ካያክ ርዝመቱ 5 ሜትር ያህል፣ ወርዱ ግን ግማሽ ሜትር ገደማ ነው። እንደ ልብስ በባለቤቱ ቁመትና ወገብ ልክ ይሠራል። ላዩ ሁሉ ተሸፍኖ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ትቀራለች፤ አዳኙ እግሩን ዘርግቶ በእርሷ ይገባል። ከዚያም ቱይሊክ የሚባለውን የቆዳ ካባ ለብሶ፣ የካባውን ጠርዝ በቀዳዳዋ ዙሪያ፣ ክፈፉን በፊቱና በእጁ አንጓ ላይ ጥብቅ አድርጎ ያስራል። ያን ጊዜ ሰውና ታንኳ አንድ አካል ይሆናሉ።

ተገልብጦ መነሣት

እንዲህ ያለ ጠባብ ታንኳ ይገለበጣል። ጦር የተወረወረበት አቆስጣ ሲታገል፣ ገመዱም ሲጠላለፍ፣ አዳኙ ራሱን በውሃ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ያገኘዋል። የባሕሩ ውሃ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም። በእንዲህ ያለ ውሃ የገባ ሰው በመጀመሪያው ደቂቃ ትንፋሹ ይቈራረጣል፤ ከዐሥር ደቂቃ ገደማ በኋላ ጣቶቹ አይታዘዙትም። ዋና ማወቅ ብዙ አይጠቅመውም። መዳኛው ከታንኳው ሳይወጣ፣ በመቅዘፊያው ውሃውን ገፍቶ፣ ወገቡን አጥፎ ቀና ማለት ብቻ ነው።

ኢኑይት ይህን ጥበብ ከ30 በሚበልጥ ስልት አሳድገውታል። በሙሉ መቅዘፊያ መነሣት አለ፤ መቅዘፊያው የጠፋበት በጦር መወርወሪያው፣ እርሱም ከሌለው በባዶ እጁ ይነሣል። እያንዳንዱ ስልት አንድ ሰው በአንድ ክፉ ቀን ለገጠመው ችግር የተገኘ መልስ ነው።

አስፈሪው ግን ማዕበል ብቻ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የዴንማርክ ሐኪሞች አንድ እንግዳ በሽታ መዝግበዋል። ነፋስ በሌለበት ቀን፣ ባሕሩ እንደ መስተዋት ሲያበራ፣ ሰማይና ውሃ የተቀላቀሉ ይመስላሉ፤ ልምድ ያለው አዳኝ እንኳ ድንገት ራሱ ዞሮ፣ ታንኳው የሰጠመ መስሎት እጅ እግሩ ይተሳሰራል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህን ጊዜ ነው። ከዚህ በኋላ ወደ ባሕር መውጣት ያቃታቸው፣ ቤተ ሰባቸውም የተቸገረባቸው ብዙዎች ነበሩ።

የአንድ ወጣት ዕድል

ጂኖ ዋትኪንስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1930 ዓ.ም. የ14 ሰዎች ጓድ መርቶ ወደ ምሥራቅ ግሪንላንድ ሲዘምት ዕድሜው ገና 23 ነበር። ዓላማው ከእንግሊዝ ወደ ካናዳ የሚበር አውሮፕላን የሚያልፍበትን መንገድ ማጥናት ነው። ዋትኪንስ በአገሬው ሰው ላይ ሳይኰራ እንደ ተማሪ ተቀምጦ ካያክ መቅዘፍን፣ ተገልብጦ መነሣትንና አቆስጣ ማደንን ተማረ፤ በሥራውም የተመሰገነ ሆነ። በ1932 ዓ.ም. ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ሲመለስ ገንዘባቸው አነስተኛ ስለ ነበረ፣ ምግባቸውን ከአደን ሊያገኙ አስበው ነበር። ኦገስት 20 ቀን ብቻውን ለአደን ወጣ። በዚያው ቀን ጓደኞቹ ባዶ ካያኩን ተንሳፎ አገኙት፤ አስከሬኑ ግን ከቶ አልተገኘም። ዕድሜው 25 ዓመት ነበር። በረዶ ተንዶበት ይሁን፣ አውሬ ገልብጦት ይሁን፣ ያየ ሰው ስለሌለ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ጥበቡን አላጐደለም፤ የጐደለው በአጠገቡ የሚቀዝፍ ባልንጀራ ነበር።

ዛሬስ?

ሞተር ያለው ጀልባ ከመጣ በኋላ ካያክ ከብዙ መንደር ጠፍቶ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ወጣቶች ማኅበር አቋቁመው ከሽማግሌዎች እየተማሩ ጥበቡን አስነሡት፤ ዛሬም በየዓመቱ ይወዳደሩበታል። ከሩቅ አገር የሚመጡ መንገደኞችም በፕላስቲክ ካያክ በበረዶው መካከል ይቀዝፋሉ። ለእነርሱ የሚሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ለብቻ አትውጡ፤ ከተራራው ራቁ፤ በሁለት ተራሮች መካከል አትለፉ፤ ውሃ የማያስገባ ልብስ ልበሱ።

በረዶው ራሱም እየተለወጠ ነው። የዓለም ሙቀት ስለ ጨመረ ግሪንላንድ በየዓመቱ ከምታገኘው በረዶ የምታጣው በልጧል። የደሴቲቱ በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ የዓለም ባሕር በ7 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ስለዚህ የዚያ በረዶ ጉዳይ የአዳኞቹ ብቻ አይደለም፤ በየባሕሩ ዳር ያሉ ታላላቅ ከተሞች ሁሉ ጉዳይ ነው።

አንባቢዎች ሆይ፣ በዚያ አገር የሚኖር ሰው ፊደል ሳይቈጥር፣ ዛፍና ብረት እንደ ልብ በማይገኝበት ምድር፣ ከቆዳና ከተለቀመ እንጨት ይህን የመሰለ መሣሪያ ሠርቷል። ልጁንም መቅዘፍን ብቻ አላስተማረውም፤ ወድቆ መነሣትንም ጨምሮ አስተማረው። ትምህርት ቤት ተቀምጠን የምንማረው እኛስ፣ የትኛውን አስቀድመን እንማር ይሆን?