ባንዱ ወጣ፤ የማን ነው?

በፖሊክሎናል አንቲቦዲ የሰውን ፕሮቲን የሚያጠና ብዙ ሰው፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ስም የሚያዘው ፕሮቲን ስም ይመስለዋል። ስሙ የሚናገረው ግን አንቲቦዲውን የሰጠችው ጥንቸል ምን እንደተወጋች ነው። ከደሟ የተቀዳው ሌላ ጉዳይ ነው።

የሰው ፕሮቲን ስትወጋ፣ የጥንቸሏ ቢ ሴሎች የፕሮቲኑን የተለያዩ ጎኖች እየለዩ የየራሳቸውን አንቲቦዲ ያመርታሉ። «ፖሊ» የተባለውም ለዚህ ነው። በዚያው ደም ውስጥ ጥንቸሏ በዕድሜዋ ላጋጠሟት ጀርሞች ያመረተቻቸውም አሉ። ብራድበሪና ፕሉክቱን በ2015 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ እንደጻፉት፣ አንድ ፖሊክሎናል ውስጥ ካሉት አንቲቦዲዎች የተፈለገውን ፕሮቲን የሚይዙት በአብዛኛው ከ0.5 እስከ 5 በመቶው ብቻ ናቸው።

መዘዙን የኤሪትሮፖይቲን ተቀባይ ታሪክ ያሳያል። ኤሪትሮፖይቲን ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያደርግ ሆርሞን ነው፤ ደም ላነሳቸው የካንሰር ሕሙማንም ይሰጣል። ከገበያ በተገዙ አንቲቦዲዎች የተሠሩ ጥናቶች ተቀባዩን ዕጢ ላይ አገኘነው ሲሉ፣ መድኃኒቱ ዕጢውን ያሳድግ ይሆን የሚል ሥጋት ተነሣ። በ2006 ብለድ መጽሔት ላይ የወጣ ፍተሻ ግን ሌላ ነገር አሳየ። ተቀባዩ የሚመዝነው 59 ኪሎዳልተን ገደማ ሲሆን፣ ብዙዎች የተማመኑበት አንድ የጥንቸል አንቲቦዲ ያወጣው የ66 ኪሎዳልተን ባንድ (ፕሮቲኖች ጄል ላይ በክብደት ሲለዩ የሚታየው መስመር) ኤችኤስፒ70 የተባለ ሌላ ፕሮቲን ሆኖ ተገኘ። (ፈታሾቹ መድኃኒቱን የሚሸጠው የአምጀን ባልደረቦች ነበሩ፤ ጥቅማቸውን አስጠብቀዋል የሚል ይኖራል። የባንዱ ክብደት ግን ለማንም አያዳላም።)

ይህን የሰማ «እንግዲያው ፖሊክሎናል ጊዜው አልፎበታል» ይላል። አልስማማም። በ2003 በማቲያስ ኡሌን መሪነት ስዊድን ውስጥ የተጀመረው የሰው ፕሮቲኖች አትላስ በአብዛኛው የተሠራው በጥንቸል ፖሊክሎናል ነው። ዘዴው እንዲህ ነው፦ ከፕሮቲኑ ላይ ሌሎች የሰው ፕሮቲኖችን እምብዛም የማይመስለው ቁራጭ፣ ከ50 እስከ 150 አሚኖ አሲድ ያህል፣ ተመርጦ ጥንቸሏ ትወጋለች። ከዚያ ሴረሙ ያው ቁራጭ በተለጠፈበት ኮለም ውስጥ ይንቆረቆራል፤ የተጣበቀው ይቀራል፣ ሌላው ታጥቦ ይሄዳል። ፎርማሊን የነካው ሕብረ ሕዋስ ላይ ደግሞ የፕሮቲኑ አንዱ ጎን ቢሸፈን በሌላው የሚይዝ አይጠፋም። አንድ ቦታ ብቻ የሚያውቀው ሞኖክሎናል ይህ ዕድል የለውም።

የካታሎግ ቁጥሩ ካልተለወጠ ይዘቱም አይለወጥም የሚሉ አሉ። ጥንቸሏ ትሞታለች፤ የሚቀጥለው ሎት የሌላ ጥንቸል ደም ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው ግን «አንቲቦዲውን ጥንቸሏ በተወጋችበት ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁራጭ) ስንዘጋው ባንዱ ጠፋ፣ ስለዚህ ትክክለኛው ነው» የሚለው ነው። ፔፕታይዱ የአንቲቦዲውን እጅ ይይዛል፤ የተያዘ እጅ ትክክለኛውንም ስህተተኛውንም ፕሮቲን አይነካም። ሁለቱም ባንዶች እኩል ይጠፋሉ።

የሚያዋጣው የፕሮቲኑን ጂን ክሪስፐር በተባለው የጂን መቁረጫ ካጠፉበት ሴል የወጣ ናሙና ከጤነኛው ጎን ለጎን ጄል ላይ መጫን ነው። ጂኑ በሌለበት ጉድጓድ ሥርም ያው ባንድ ደምቆ ከወጣ፣ ሲለካ የከረመው የሌላ ፕሮቲን ነበር።