ከኮሌጅ በር በፊት ስላሉት ዓመታት
ነጋዴዎች ለሠፈራቸው ተማሪዎች ሊያደርጉት ስለሚችሉት ርዳታ

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1981 ዓ.ም. ሚስተር ዩጂን ላንግ የተባሉ አንድ የኒውዮርክ ነጋዴ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያኽል አስቀድሞ እርሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው በተማሩበት በምሥራቅ ሃርለም ሠፈር ትምህርት ቤት ተጋብዘው፣ ስድስተኛ ክፍልን ለፈጸሙ 61 ልጆች የመሰናበቻ ንግግር እንዲያደርጉ ተለመኑ። ሚስተር ላንግ የፈጠራ ሥራ ባለመብቶችን ከፋብሪካዎች ጋር በማዋዋል የበለጸጉ ሰው ነበሩ። ያዘጋጁትም ንግግር በእንዲህ ያለ በዓል ዘወትር የሚሰማው፣ ተግቶ የሠራ ሰው ካሰበው ይደርሳል የሚለው ምክር ነበር። ዳሩ ግን ወደ መድረኩ ከመውጣታቸው በፊት፣ በፊታቸው ከተቀመጡት ልጆች የሚበዙት ሁለተኛ ደረጃን እንኳ ሳይጨርሱ እንደሚቀሩ ከትምህርት ቤቱ ኀላፊ ሰሙ። በዚህም ምክንያት የያዙትን ንግግር ትተው፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ለሚፈጽም ለእያንዳንዱ ልጅ የኮሌጁን ክፍያ እርሳቸው እንደሚችሉለት በወላጆች ፊት ቃል ሰጡ።

ይህ ታሪክ በጋዜጣ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ለነጋዴ አንባቢ የሚጠቅመው ክፍል ግን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ከስድስት ዓመት በኋላ የሚከፈለውን ገንዘብ እያሰበ ብቻ የዛሬውን የሒሳብ ትምህርት አያጠናም። በመካከሉ ቤት ኪራይ ይጨምራል፤ እናት ትታመማለች፤ ቤተ ሰቡ ሠፈር ይለውጣል፤ ጎዳናውም የራሱ ትምህርት ቤት አለው። ሚስተር ላንግ ይህን ለመረዳት ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በዚያው ሠፈር ከሚሠራ የወጣቶች ማኅበር ጋር ተስማምተው፣ ልጆቹን በየዕለቱ የሚከታተል፣ ከክፍል የቀረውን የሚፈልግ፣ ከመምህራንና ከወላጆች ጋር የሚነጋገር አንድ ሠራተኛ በደመወዝ ቀጠሩ። የራሳቸውንም ጽሕፈት ቤት ለልጆቹ ክፍት አደረጉ። ነገር የጠበቀበት ልጅ ሁሉ ቀጥታ መጥቶ ያነጋግራቸው ነበር።

ከልጆቹ ጥቂቶች ወደ ሌላ ከተማ ሄደው ግንኙነታቸው ተቋረጠ። ከቀሩት መካከል የሚበዙት ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ፤ ከግማሽ በላይ የሆኑትም ወደ ከፍተኛ ትምህርት ገቡ። በ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሌሎች ባለጸጎች ይህንኑ አብነት እንዲከተሉ የሚያስችል ድርጅት ተቋቋመ፤ ሚስተር ላንግም እስከ 2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ቆይተው በ98 ዓመታቸው ዐረፉ። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እንደሚያምነው፣ በምሥራቅ ሃርለም ከኮሌጁ ክፍያ ይልቅ የበለጠ ሥራ የሠራው የዚያ ተከታታይ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። የኮሌጁ ገንዘብ ልጁን በሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ እስከ በሩ ድረስ ግን አብሮት የሚሄደው ሰው ነው።

የአሜሪካ መንግሥትም ከዚህ አስቀድሞ በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) «አፕዋርድ ባውንድ» የተባለ ፕሮግራም ጀምሮ ነበር። ይኸውም የድኻ ቤተ ሰብ ልጆች ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ በክረምት ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው፣ በዚያው እያደሩ የሚማሩበት ነው። ሐሳቡ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ቤተ መጻሕፍቱን፣ የመኝታ ቤቱን ሥርዓትና የመምህሩን አነጋገር አስቀድሞ ያየ ልጅ፣ ኋላ ተማሪ ሆኖ ሲገባ እንደ እንግዳ አይደነግጥም።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ነጋዴ ምን ይረባዋል ያለ አንባቢ ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአገራችን የኮሌጅ በር የተሠራው በሌላ ዐይነት ነውና። በአሜሪካ ብዙውን ልጅ የሚያስቀረው ክፍያው ነው። በእኛ ዘንድ ግን ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው ድርሻውን በአብዛኛው የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው። በእኛ አገር የሚያስቀረው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው።

ቍጥሩ እነሆ። የ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቍጥጥር ተሰጠ። ውጤታቸው ከተገለጸው 896,520 ተማሪዎች መካከል ከመቶ ኀምሳና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ መሆኑ ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። እየተሻሻለ መሄዱ የሚካድ አይደለም። ሆኖም ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆነውን ዕቃ ውድቅ የሚያደርግ የጥራት መርማሪ በአንድ ፋብሪካ ቢገኝ፣ ባለፋብሪካው መርማሪውን ከመውቀሱ በፊት ወደ ማምረቻው ክፍል ወርዶ እንደሚመለከት የታወቀ ነው።

ከእነዚህ ቍጥሮች ሁሉ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባው ሌላ ነው። በዚያው በመጀመሪያው ፈተና 1,161 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሰነፍም ጎበዝም ይኖራል፤ ጎበዙም ጭምር ከቀረ ጉድለቱ የልጁ አይደለም ማለት ነው። ባለፈተናው ተማሪ በአካባቢው ከእርሱ በፊት ያለፈ አንድ ሰው እንኳ አላየም፤ የሚጠይቀው ታላቅ የለውም፤ ፈተናው ምን እንደሚመስል የሚነግረው አይገኝም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለ ሆነ፣ ፊዚክሱን ሳይደርስበት በቋንቋው ላይ የሚወድቀው ብዙ ነው። ከዚህም በቀር ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ የገጠር ልጅ ከቤቱ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያድረው በዚያው በፈተናው ሰሞን ሊሆን ይችላል።

መንግሥት ከማለፊያው ዝቅ ያሉትን በተወሰነ ነጥብ ለይቶ፣ በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲሰጣቸው አድርጓል። መልካም ነው። ነገር ግን ይህ ከወደቁ በኋላ የሚደረግ ጥገና ስለ ሆነ፣ የሠፈሩ ሰው ሊሠራው የሚገባውን የቅድሚያ ሥራ አይተካም።

በየከተማው በክረምት የሚካሄደው የበጎ ፈቃድ የማጠናከሪያ ትምህርት ከዚህ የቅድሚያ ሥራ አንዱ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደየቤታቸው ሲመለሱ ታናናሾቻቸውን ሰብስበው ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ የዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደርጎ፣ ብዙዎቹ በመምህርነት ተሰማርተው ነበር። የዛሬዎቹም ወጣቶች ያለ ክፍያ የሚደክሙ በመሆናቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ጉድለቱ ከወጣቶቹ ሳይሆን ከዘመን አቈጣጠሩ ነው። የክረምቱ ትምህርት በጳጕሜን ያበቃል፤ መምህራኑ ወደ ግቢያቸው ይመለሳሉ፤ ፈተናው ግን የሚመጣው በሰኔና በሐምሌ ነው። በመካከሉ አሥር ወር ሰው የሌለበት ጊዜ አለ። ሚስተር ላንግ ሰው ቀጥረው የሞሉት እንዲህ ያለውን ጊዜ ነበር።

የእኛ ነጋዴዎች ለትምህርት ለጋሶች አይደሉም ማለት ሐሰት ይሆናል። ትምህርት ቤት ያሠሩ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚያድሉ፣ ለዓመቱ ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ሦስት ተማሪዎች በየበዓሉ ሽልማት የሚሰጡ ብዙ ናቸው። ስለ ሽልማቱ ግን በግልጽ መናገር ይሻላል። አንደኛ የወጣው ልጅ ሽልማቱ ባይኖርም ኖሮ ያልፍ ነበር፤ ለሥዕል ያምራል እንጂ ለውጡ ትንሽ ነው። ያው ገንዘብ ዐሥራ አምስተኛና ሃያኛ የወጡትን ልጆች ለሚያስጠና መምህር አበል ቢከፈልበት፣ ምናልባት ፎቶግራፍ የሚያነሣ ላይመጣ ይችላል፤ የሚያልፉት ተማሪዎች ቍጥር ግን ከፍ ይላል።

ለእንዲህ ያለው ክፍል የሚያስፈልገው ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ ይኸውም ጸጥ ያለ ቦታ፣ መብራት፣ አግዳሚ ወንበር፣ ጥቍር ሰሌዳና ያለፉት ዓመታት የፈተና ወረቀቶች ናቸው። ቦታውን በተመለከተ፣ ብዙ እድሮች የራሳቸው አዳራሽ ወይም ቤት አላቸው፤ ወንበርም አላቸው። ለቅሶ ወይም ስብሰባ በሌለበት ቀን ቤቱ ተቈልፎ ይውላል። ከቤቱም ይልቅ የእድሩ መዝገብ ይበልጥ ይጠቅማል። እድር የቀረን አባል ስም ጠርቶ «ቀሪ» ብሎ መጻፍን፣ ምክንያቱን መጠየቅን፣ አስፈላጊም ሲሆን መቅጣትን ከድሮ ጀምሮ የለመደ ማኅበር ነው። ከጥናት ክፍል የቀረ ልጅ በዚያው ሳምንት ለአባቱ በእድሩ ጸሓፊ ቢነገርበት፣ ኒውዮርክ ላይ በደመወዝ የተገዛውን ክትትል እኛ ከሞላ ጎደል በነጻ አገኘነው ማለት ነው።

የክፍሉን ሰዓት የሚወስን ሰው ሴቶቹን ልጆች ማሰብ አለበት። ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚጀመር ክፍል የወንዶች ክፍል ሆኖ ይቀራል፤ ልጅቱ በዚያ ሰዓት ወይ ወጥ ቤት ናት፣ ወይም ወላጆቿ ጨለማውን ፈርተው አይለቋትም። ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት ቢሆን ሁለቱም ይመጣሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ሱቅ እንግባ። በየመደብሩ፣ በየወፍጮ ቤቱና በየጋራዡ ቀን እየሠሩ ማታ የሚማሩ ወጣቶች አሉ። ከእነርሱ የሚበዙት ከገጠር ትምህርት ፍለጋ መጥተው፣ የሚበሉትን ለማግኘት ከባንኮኒ ኋላ የቆሙ ናቸው። ለእነዚህ ሽልማትም ሆነ ደብተር ብዙ አይፈይድላቸውም፤ የሚያንሳቸው ሰዓት ነው። ከፈተናው በፊት ባሉት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን አንድ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ መልቀቅ፣ በፈተናውም ሰሞን ደመወዛቸውን ሳይቈርጡ ማሰናበት፣ ለብዙ ባለሱቅ የማይቻል ወጪ አይደለም። እርግጥ ነው፤ ያ ሰዓት ገበያ የሚሟሟቅበት ሰዓት ሊሆን ይችላል። ሁለት ሠራተኛ ያለው ግን በተራ ሊያደርገው ይችላል።

ነጋዴው በልቡ የሚይዘው ሌላ ነገር አለ፤ ሳይነገር መታለፍም አይገባውም። ልጁን ካስተማርሁት ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ይሰጋል። ስጋቱ ትክክል ነው፤ ያለፈው ይሄዳል። ባለሱቁ ሒሳቡን የለመደለትን፣ ደንበኛ የሚያውቅለትን፣ በታማኝነት የተፈተነውን ሠራተኛ ያጣል፤ በምትኩም አዲስ ልጅ ከመጀመሪያው ማሠልጠን ይኖርበታል። ይህ ኪሳራ እውነተኛ ስለ ሆነ የለም ብሎ ማባበል አይገባም። በሌላው ወገን ግን እስከ ዛሬ እንደ ታየው የማያልፈው ከሚያልፈው ይበዛል። ያላለፈውም ልጅ ያን ሁሉ ወር ሒሳብና እንግሊዝኛ አጥንቶ ወደ ባንኮኒው ሲመለስ፣ የተጨማሪ እሴት ታክስ ደረሰኝን በትክክል የሚጽፍና ከውጭ የመጣ የዕቃ ዝርዝርን የሚያነብ ሠራተኛ ሆኖ ነው። የሄደውም ቢሆን ኢንጂኒየር ወይም የሒሳብ ዐዋቂ ሆኖ ሲመለስ፣ የቀድሞ አሠሪውን ደጅ የሚረሳ ጥቂት ነው።

ይህን ለመጀመር የሚያስቡ ሁሉ በትንሹ ቢጀምሩ ይሻላል። አንድ ሠፈር፣ ሃያ ወይም ሃያ አምስት ልጆች፣ ሁለት ትምህርት ብቻ፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ። እነዚህ ሁለቱ በተፈጥሮ ሳይንስም በማኅበራዊ ሳይንስም ለሚፈተኑት የጋራ ናቸውና። መምህሩ በአቅራቢያው ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሊገኝ ይችላል፤ አበሉን አምስት ወይም ስድስት ነጋዴዎች በየወሩ ቢያዋጡ ለማንም አይከብድም። የተዋጣው ገንዘብ በእድሩ ደረሰኝ ገቢ ሆኖ፣ ወጪውና የተማሪዎቹ መቅረት በአንድ መዝገብ ቢጻፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ አዋጪዎቹ ምን እንደ ተሠራበት ለማየት ይችላሉ። በየወሩም አንድ እሑድ ያለፈ ዓመት ፈተና በሙሉ ሰዓቱ መስጠት ያስፈልጋል፤ ብዙ ልጆች የሚወድቁት ጥያቄውን ሳያውቁት ቀርተው ሳይሆን ሰዓቱ ሳይበቃቸው ነውና። ግንቦት ሲደርስ፣ በአቅራቢያው ዩኒቨርሲቲ ካለ፣ ልጆቹን አንድ ቀን ወስዶ ግቢውን ማሳየት ከአንድ መኪና ነዳጅ የበለጠ ብዙ አይፈጅም።

የክረምቱ በጎ ፈቃደኞች ክፍሉን በጳጕሜን ለቀው ሲሄዱ የልጆቹን ስም ዝርዝር፣ እያንዳንዳቸው የደከሙበትንም ትምህርት ጽፈው ለእድሩ ጸሓፊ ቢያስረክቡ፣ ቋሚው መምህር እንደ አዲስ አይጀምርም። ክፍሉ በጥቅምት ሥራ እንዲጀምር የአዳራሹ ቍልፍ በመስከረም መሰጠት ይኖርበታል።