«የገጠሩ ሐኪም»፦ በፎቶ የተጻፈ ውሎና አዳር

ሐኪምን ፎቶ ማንሳት ቀላል ይመስላል። ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ፈገግ ካለ ፎቶው አለቀ። ሥራው ግን እዚያ ውስጥ የለም። ሌሊት ተጠርቶ የሚሄድበት መንገድ፣ በሽታው ሲያሸንፈው ፊቱ ላይ የሚታየው፣ ድካሙ፣ እነዚህ በአንድ ፎቶ አይያዙም። ለዚህ ነው የፎቶ ድርሰት የሚባለው ሙያ የተፈጠረው፤ አንድ ታሪክ በተከታታይ ፎቶዎችና በአጭር ጽሑፍ ይነገርበታል። የሙያው ሰዎች እንደ ፊደል ገበታ የሚቆጥሩት ሥራ ደግሞ ላይፍ መጽሔት ሴፕቴምበር 20 ቀን 1948 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «የገጠሩ ሐኪም» ነው።

ያነሳው አሜሪካዊው ዩጂን ስሚዝ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፓስፊክን ግንባር በካሜራ ሲከታተል ቆይቶ፣ በ1945 ኦኪናዋ ላይ በመድፍ ፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለ። ካገገመ በኋላ ኮሎራዶ ተራሮች ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ከተማ ወደ ክሬምሊንግ አቀና። እዚያ የ32 ዓመቱ ዶክተር ኧርነስት ሴሪያኒ፣ 1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ስፍራ ለሚኖሩ 2,000 ያህል ሰዎች ብቸኛው ሐኪም ነበር። ምጥ ሲመጣም፣ አጥንት ሲሰበርም፣ ልብ ሲደክምም የሚጠራው እሱው ነው።

ስሚዝ ከሐኪሙ ጋር 23 ቀን ከረመ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው ውስጥ ፊልም ሳያስገባ ነበር የሚያነሳው፤ ሐኪሙ እስኪለምደውና መኖሩን እስኪረሳው ድረስ።

ውጤቱን ፎቶዎቹ ይናገራሉ። በአንደኛው ሴሪያኒ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ ጥቁር ደመና ባንዣበበበት ሰማይ ሥር፣ አረም በወረሰው ግቢ ወደ ታማሚ ቤት ይሄዳል። በሌላው ፈረስ ግንባሯን የረገጣትን ሕፃን ይሰፋል። ዓይኗ እንደማይተርፍ አውቋል፤ ይህንን ለወላጆቿ እንዴት እንደሚነግራቸው ጭንቀቱ ግንባሩ ላይ ይነበባል። በሦስተኛው ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ፣ የሕክምና ልብሱንና ቆቡን ሳያወልቅ፣ ሲጋራና የቡና ስኒ ይዞ ኩሽና ውስጥ ተደግፎ ቆሟል። እናትም ልጅም አልተረፉም። ዓይኖቹ የትም አያዩም። ስሚዝ ይህንን ፎቶ ባያነሳ ኖሮ የተቀረው ሁሉ ውዳሴ ሆኖ በቀረ ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ ከማሳዘን አልፎ ይሠራል። ስሚዝ በ1951 በሳውዝ ካሮላይና ገጠር የምትሠራውን ጥቁር አሜሪካዊት አዋላጅ ነርስ ሞድ ካለንን ተከትሎ ሌላ የፎቶ ድርሰት አወጣ። የመጽሔቱ አንባቢዎች ገንዘብ አዋጡ፤ በ1953 ካለን አዲስ ክሊኒክ ከፈተች። በእኛም አገር በኢትዮጵያ፣ በ1974 (እ.ኤ.አ.) የተመሠረተውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልና ከገጠር ተጉዘው የሚደርሱበትን ሴቶች የሚከተለው የ2007ቱ (እ.ኤ.አ.) ዘጋቢ ፊልም «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የፊስቱላን ጉዳት ለብዙ ተመልካች አሳውቋል።

በጅቡቲ ከተማ ለምንኖር ኢትዮጵያውያንም ይህ ሙያ ሩቅ አይደለም። ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ያለችው ኦቦክ ወደ የመን ለመሻገር ጀልባ የሚጠብቁ ወገኖቻችን መተላለፊያ ናት። በረሃውን በእግር አቋርጠው፣ ውኃ ጠምቷቸውና እግራቸው ቆስሎ የሚደርሱትን የሚቀበል የጤና ባለሙያ አለ። ኢትዮጵያም ውስጥ ከቤት ቤት የሚዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። የእነዚህ ሰዎች ውሎ የሚገባው፣ የጎብኚ ቡድን ሲመጣ ተሰልፈው ከሚነሱት ፎቶ የበለጠ ነው።

ካሜራ ያላችሁ ወጣቶች፣ ዛሬ ስልክም ይበቃል። ከአንድ የጤና ባለሙያ ጋር ክረሙ። ከእሱም፣ ከታማሚውም፣ ከቤተሰቡም ፈቃድ ጠይቁ፤ እምቢ ያለውን ተዉት። ሲሳካለት ብቻ ሳይሆን ሲያቅተውም አብራችሁት ሁኑ። የሠራ ሰው ድካሙ ሲታይለት፣ የጎደለውን መድኃኒትና የጎደለውን ረዳት መጠየቅም ይቀልላል።