የቱን ፒክ እንግዛለት?

በቤታችሁ ጊታር የሚጫወት ልጅ ካለ ከሸሚዝ ኪስም ከአልጋ ሥርም ፒክ ማግኘታችሁ አይቀርም። እኔ ለልጄ መጀመሪያ የገዛሁለት ወፍራም ነበር፤ ይበረክታል ብዬ። በአምልኮ ልምምድ ላይ ግን ጊታሩ የዘማሪዎቹን ድምፅ ዋጠው። “ቀንስ!” ሲሉት መሄዱን ጠላ። ስንፍና መስሎኝ መቆጣቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ለካስ ነገሩ ውፍረቱ ኖሯል! ከ0.6 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ስስ ፒክ ክሩ ላይ ስለሚተጣጠፍ በአኮስቲክ ጊታር መዝሙር ለማጀብ ለስላሳ ነው። ከ0.6 እስከ 0.8 ያለው ለጀማሪ ይመቻል። ክር በክር እየለቀሙ ዜማ ለመጫወት ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ይሻላል። እጁን የሚያልበው ከሆነ ገጹ ሸካራ የሆነውን ፈልጉለት።

የቤዝ ወፍራም ክር ስሱን ፒክ ያጥፈዋል፤ ለእሱም ወፍራሙ ነው። “ቤዝ በጣት ብቻ ነው” የሚሉ አሉ (ባለቤቴም አንዱ ነበር)። አሜሪካዊቷ ካሮል ኬይ ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ብዙ ቀረጻዎችን በፒክ ተጫውታለች። በጣት ድምፁ ይለሰልሳል፣ በፒክ ጥርት ይላል።

ሦስቱንም ውፍረት ግዙና ራሱ ይሞክር። የእኔው ልጅ ስሱን ይዞ ወደ ልምምዱ ተመልሷል፤ ወፍራሙን አባቱ ለቤዙ ወስዶታል።