ሰብሎች ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮችን ከአፈር የሚወስዱት እንዴት ነው?

ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም በቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ፍንዳታ ሲደርስ፣ በነፋስና በዝናብ የተሰራጨው ብክለት በዩክሬን፣ በቤላሩስና በሩሲያ ማሳዎች ላይ አረፈ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዋናው ስጋት ቅጠል ላይ የተቀመጠው አዮዲን 131 ነበር፤ ሣሩን የጋጡ ላሞች ወተት ተበከለ። ሆኖም ይህ ንጥረ ነገር በየስምንት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል።

ሲዚየም 137 ግን በግማሽ ለመቀነስ 30 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በባሕርዩ ፖታሲየምን ስለሚመስል ሥር እንደ ምግብ ይስበዋል፤ ስትሮንቲየም 90 ደግሞ ካልሲየምን መስሎ ይገባል። የብክለቱ መጠን ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ወሳኙ አፈሩ ነው። የሸክላ አፈር ሲዚየምን አጥብቆ ይይዛል፤ ፖታሲየም ያነሰው ረግረጋማ መሬት ግን ለሥር ይለቀዋል። በዚህም የተነሳ በረግረጋማ መሬት የሚገኝ ወተት፣ ይበልጥ ከተበከለ ለም ጥቁር አፈር ከሚገኘው የባሰ የተበከለበት ጊዜ ነበር።

መፍትሔው ለገበሬ እንግዳ አይደለም፦ የፖታሲየም ማዳበሪያና ኖራ። ፖታሲየም የጠገበ ሥር ሲዚየምን የሚወስደው በጥቂቱ ነው። ለጫካ እንጉዳይ ግን ማዳበሪያ የሚበትንለት የለም፤ ከአሥርት ዓመታት በኋላም ሲዚየም በብዛት የሚገኝበት ምግብ እርሱ ነው።